ራስ ደጀን እንዴት ይወጣል? ከደባርቅ ተነሥቶ በእግር

ሰው ስለ ራስ ደጀን ሲያወራ የሚያወራው ስለ ጫፉ ነው። ፎቶውም የሚነሣው እዚያው ነው። እግር የሚቆርጠው ግን ሌላ ቦታ ነው፤ የመሸሃ ሸለቆ። የቧሂት ተራራን ጫንቃ ካለፋችሁ በኋላ እስከ 2,800 ሜትር ቁልቁል ትወርዳላችሁ። ጫፉን ረግጣችሁ ስትመለሱ ደግሞ ያ ቁልቁለት ዳገት ሆኖ ይጠብቃችኋል። መጀመሪያ ስሄድ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። እዚህ የምጽፈው ሁሉ ለስድስተኛው፣ ለመመለሻው ቀን የሚተርፍ ጉልበት ይዛችሁ እንድትሄዱ ነው።

ስለ ስሙና ስለ ቁመቱ ክርክር አታንሡ። ፈረንጁ «ዳሽን» ይለዋል፣ የአገሩ ሰው «ደጀን» ይላል። የቆዩ መጻሕፍት 4,620 ሜትር ይሉት ነበር፤ አሁን የሚጠቀሰው 4,543 ነው። ለሳንባችሁ ልዩነት የለውም።

1. ወቅቱን ምረጡ፣ መንገዱን ጠይቁ

ሐምሌና ነሐሴ አይሞከርም። ጉሙ ከገደሉ ሥር ተነሥቶ ሁሉን ይሸፍነዋል፣ መንገዱም ጭቃ ነው። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ኅዳር ተራራው አረንጓዴ ነው፣ አበባው አላለቀም። ታኅሣሥና ጥር ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊቱ ግን ውርጭ ነው። በጥምቀት ሰሞን ከሄዳችሁ ጎንደር አልጋ የማግኘት ነገር በጊዜ ይታሰብበት።

ከምንም በፊት ግን የጸጥታውን ሁኔታ አጣሩ። ባለፉት ዓመታት በአካባቢው በነበረው ግጭት መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ደባርቅ ወደሚገኘው የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ደውሉ፣ ጎንደር ያለ ዘመድ ጠይቁ። «አይመከርም» ካሏችሁ ለሌላ ጊዜ ይሁን።

2. አንድ ወር ቀደም ብላችሁ እግራችሁን አዘጋጁ

አዲስ አበባ ላላችሁ እንጦጦ አለላችሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአምስት እስከ ስድስት ኪሎ የሚመዝን ቦርሳ ተሸክማችሁ ውጡ፣ ውረዱ። ትኩረታችሁ መውረዱ ላይ ይሁን። ጉልበት የሚያመው ቁልቁለት ላይ ነው። በሳምንቱ መሐል የኮንዶሚኒየም ደረጃም ይሠራል፤ ጎረቤት ቢስቅ ይሳቅ።

ጫማውን አሁኑኑ ግዙና በሚሄድበት ካልሲ እየተጫማችሁ አለማምዱት። እኔ በጉዞው ዋዜማ ገዝቼ፣ የመጀመሪያው አዳር የሆነው ሳንቃ በር ሳልደርስ ሁለቱም ተረከዜ ውሃ ቋጥሮ ነበር። ቆዳው መጋል ሲጀምር፣ ውሃ ከመቋጠሩ በፊት ቆም ብሎ ፕላስተር መለጠፍ ነው። «ትንሽ ልሂድና» የሚባል ነገር የለም።

3. ልብስና ስንቅ

ጂንስ ቤት ይቅር። ጥጥ ላብና ዝናብ ይጠጣል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ ነፋሱ ሲመጣ ሰውነት ላይ ይበርዳል። ጋቢም ጥጥ ነው። ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ፤ ማታ ድንኳን ውስጥ የሚተካከለው የለም። ለመንገድ ግን አይሆንም። ለመንገድ ቶሎ የሚደርቅ ከነቴራ፣ ከላዩ ሹራብ፣ ከሁሉም በላይ ነፋስና ዝናብ የሚመልስ ጃኬት። ኮፍያ፣ የእጅ ጓንት፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ። የመኝታ ከረጢቱ ከዜሮ በታች የሚያሞቅ ይሁን። ቦርሳው ውስጥ ትልቅ ፌስታል አንጥፉና ልብሱን በዚያ ውስጥ ክተቱ፤ ቦርሳው ቢበሰብስ ልብሱ ይተርፋል። የፀሐይ ቅባት አትርሱ። «እኛ ጥቁሮች ነን» ያለ ጓደኛዬ ሦስተኛው አዳር በሆነው ጨነቅ ላይ አፍንጫው ተልጦ ነበር።

አሁን ወደ ስንቅ። እዚህ ላይ የውጭ አገር ቸኮሌት ፍለጋ የሚደክመው ሰው ይገርመኛል። አያቶቻችን ለዘመቻ የጨረሱት ጉዳይ ነው። በሶ ቀላል ነው፣ አይበላሽም፣ እሳት አይፈልግም። በውሃ መበጥበጥ፣ ማር ወይም ትንሽ ጨው ጣል ማድረግ፣ በቃ። እየሄዱ ለመቆርጠም ዳቦ ቆሎና የገብስ ቆሎ ከለውዝ ጋር። ለማታ ድርቆሽና ቋንጣ፤ በርበሬና ቅቤ ካለ ሩብ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ፍርፍር ይደርሳል።

ምስርና ድንች ግን ተዉ። 3,600 ሜትር ላይ ውሃ 88 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ያ ማለት ድስቱ ይንተከተካል እንጂ ምግቡ አይበስልም። አንድ ማታ ምስር ጥደን ሦስት ሰዓት ድረስ ጠብቀን፣ ጥርሳችን ሥር እየተንኮሻኮሸ በልተን ተኝተናል። ሽሮ ይሻላል። የመጠጥ ውሃውን ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ ያህል እንዲቆይ አድርጉት፤ ወንዙ ጥርት ያለ ቢመስልም ከላይ ከብት አለ።

ማብሰያው ጋዝ ወይም ላምባ ይሁን። አስታ የሚባለውን የተራራውን ዛፍ መቁረጥ ክልክል ነው፣ እሳትም አደገኛ ነው። በ2011 ዓ.ም. ፓርኩ ውስጥ የተነሣውን እሳት ለማጥፋት ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል እሳት አጥፊዎች መጥተው ነበር።

4. ደባርቅ ላይ

ከጎንደር መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መግቢያውን ከፍላችሁ ስካውት ትይዛላችሁ፤ ጠመንጃ የያዘው የአካባቢው ሰው ነው፣ ያለ እሱ አይገባም። ጋይድና ምግብ አብሳይ እንደ ኪሳችሁ። በቅሎና ባለ በቅሎ ግን ያዙ። ድንኳኑንና ስንቁን በቅሎ ትሸከም፤ እናንተ ውሃ፣ ጃኬትና ቆሎ ብቻ። ለስንት ቀን፣ የመልሱ ቀን ይቆጠር አይቆጠር፣ የእነሱ ምግብ በማን ላይ እንደሆነ እዚያው ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ተራራ ላይ በዋጋ መጨቃጨቅ የሁሉንም ፊት ያጠቁራል።

5. ከአንደኛው እስከ ሦስተኛው ቀን፦ ቀስ በሉ

መኪና እስከ ሳንቃ በር፣ እንዲያውም እስከ ጨነቅ ይደርሳል። ቡይት ራስ ላይ ውረዱና በእግር ግቡ። ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን የምታገኙት እዚያ ነው፤ በመቶ ሆነው ሣር እየነጩ ቁጭ ብለዋል። ብስኩት አትስጧቸው። ሳንቃ በር 3,250 ሜትር ላይ ነው፣ የመጀመሪያው አዳር።

በሁለተኛው ቀን የጅንባር ፏፏቴን አይታችሁ ወንዙን ተሻግራችሁ ወደ ግጭ ትወጣላችሁ፤ 3,600 ሜትር። እኔ የወደቅኩት እዚህ ነው። «አዲስ አበባ ያደግኩ ሰው ምን ከፍታ ይነካኛል» ብዬ ከሁሉም ቀድሜ ስሮጥ ነበር። ስካውቱ፣ አባቴን የሚያክሉ ሰው፣ ጠመንጃቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ በፕላስቲክ ጫማ፣ ከኋላ ቀስ እያሉ ይመጣሉ። «ልጄ፣ ጋራው የትም አይሄድም» አሉኝ። ሳቅኩ። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ጭንቅላቴ ለሁለት ሊሰነጠቅ ደርሶ፣ የበላሁትን በሶ ጅባራ ከሚባለው ረጅም የተራራ ተክል ሥር አስመልሼዋለሁ። እሳቸው ጦስኝ በሻይ አፍልተው ሰጡኝ። ምንም አልተናገሩም።

የአዲስ አበባ ኑሮ ይረዳል፣ ግን ከተማው 2,400 ሜትር አካባቢ ነው። ከ3,000 በላይ ሁላችንም እንግዳ ነን። ትክክለኛው ፍጥነት እየተራመዱ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ማውራት የሚያስችለው ነው። ቃል በቃል እየተነፈሳችሁ ካወራችሁ ፈጥናችኋል።

ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት ከመጣ ከፍታው ነው። ያን ቀን ወደ ላይ አትቀጥሉ። ውሃ ጠጡ፣ ዕረፉ። ካልተሻለ ውረዱ። አንድ ሰው ቁጭ ብሎም ትንፋሽ ካጠረው፣ ወይም እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ፣ ንጋት አይጠበቅም፤ በዚያው ሌሊት ወደ ታች ይወሰዳል። ለከፍታ የሚወሰድ ኪኒን አለ፤ ከመነሣታችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

ሦስተኛው ቀን ረጅም ነው። እመት ጎጎ 3,926 ሜትር ላይ ወጣ ብሎ እንደ መርከብ አፍንጫ ገደሉ ላይ ተንጠልጥሏል። ከሦስት ጎን ባዶ ነው። ጫፉ ላይ ሰልፊ ለመነሣት ወደ ኋላ አትራመዱ፤ ነፋሱ ድንገት ነው የሚመጣው። ከዚያ ጨነቅ ትገባላችሁ። ማለዳ ላይ ከሰፈሩ ብዙም ሳትርቁ ዋልያ የምታዩበት ቦታ ነው።

6. አራተኛው ቀን፦ ወደ መሸሃ

ከጨነቅ ወደ ቧሂት ጫንቃ፣ 4,200 ሜትር አካባቢ፣ ከዚያ ቁልቁል በጭሮ ለባ በኩል እስከ ወንዙ። አንድ ሺህ አራት መቶ ሜትር መውረድ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት የጫማውን ክር ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ፣ ጣታችሁ ወደ ፊት ገብቶ እንዳይመታ። የእግር ጥፍር ደግሞ ቤት ሳላችሁ ይቆረጥ፤ እኔ ረስቼ ሁለት አውራ ጣቴ ጠቁሮ ወራት ፈጀ። ዱላ ያዙ፣ እርምጃ አሳጥሩ፣ አትዝለሉ። ወንዙን ተሻግራችሁ ትንሽ ወጣ ስትሉ አምቢቆ ነው፣ 3,200 ሜትር።

ያን ማታ በጊዜ ብሉ። ቦርሳውን ማታውኑ አዘጋጁ፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ጣት ደንዝዞ ጓንት ፍለጋ መደናበር አያስፈልግም።

7. አምስተኛው ቀን፦ ጫፉ

9 ሰዓት ተነሡ። በጨለማ የምታዩት የፊተኛውን ሰው ተረከዝና የባትሪውን ብርሃን ብቻ ነው። የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ አጥር፣ የሚጮህ ውሻ። ሲነጋ ጅባራው እንደ ዘበኛ ቆሞ ይታያል። ወደ 1,340 ሜትር ነው የሚወጣው፤ መጨረሻው ላይ በእጅ እየያዙ የሚወጡት ዐለት አለ። ገመድ አይጠይቅም። በረዶ ያዘለ ከሆነ ግን ያንሸራትታልና ስካውቱ በረገጠበት ርገጡ።

ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ የት እንደሆናችሁ እዩ። ካልደረሳችሁ ተመለሱ። ከሰዓት በኋላ ደመና ይመጣል፣ አምቢቆም ገና ሩቅ ነው። ጫፉ ላይ ሩብ ሰዓት በቂ ነው፤ ላቡ ሳይደርቅ ጃኬት ልበሱ፣ በሶውን ጠጡ፣ ውረዱ።

8. መልሱ

በስድስተኛው ቀን ያ ዳገት አለ። ጎሕ ሲቀድ ጀምሩት፤ ፀሐይ ሸለቆው ውስጥ ከገባች ምድጃ ነው። ሦስት ሊትር ውሃ ለአንድ ሰው። ጉልበቱ የሚያመው ሰው ካለ ጋይዱን ቀድማችሁ አነጋግሩ፤ የመኪናው መንገድ ቧሂትን አቋርጦ ስለሚያልፍ መኪና ጭሮ ለባ አካባቢ እንዲጠብቃችሁ ማድረግ የሚቻልበት ጊዜ አለ። አያሳፍርም። እኔ በሁለተኛው ጉዞዬ እንዲያ ነው ያደረግኩት፤ መኪናው ውስጥ በቅሎዋን በመስኮት እያየሁ፣ ባለ በቅሎው እየሳቀብኝ።

የተረፈውን ስንቅ፣ የላምባውን ጀሪካን ደባርቅ ሳትደርሱ ለአብሳዩና ለባለ በቅሎው አካፍሉ። ጉርሻውን በእጃቸው፣ ለእያንዳንዳቸው ስጡ፤ ለአንዱ ሰጥቶ «ተካፈሉ» ማለት ጠብ ይተክላል።