ከድሬዳዋ እስከ ሐረር ተሳቢ ቤት ለሚጎትቱ፦ ችግርና መፍትሄ

ተሳቢ ቤት፣ ማለትም አልጋ፣ ምድጃና የውኃ ታንከር ተገጥሞለት በፒክአፕ ወይም በላንድ ክሩዘር የሚጎተት ቤት፣ በአካባቢያችን ገና ጥቂት ሰው ብቻ ያለው ንብረት ነው። ይሁን እንጂ ታኅሣሥ 19 ወይም ሐምሌ 19 ሲደርስ ቤተሰቡን ይዞ ቁልቢ ገብርኤልን ለመሳለም የሚወጣውም ሆነ ለመስክ ሥራ ወደ ባቢሌ የሚሄደው ባለቤት የሚገጥመው ችግር ተመሳሳይ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ዳገቱ ጫፍ ላይ ያለው ደንገጎ ወደ 2,000 ሜትር ይጠጋል፤ ይህ ሁሉ ከፍታ የሚወጣው ደግሞ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ጠመዝማዛ መንገድ ነው። ሜዳ ላይ ተደብቆ የከረመ ጉድለት ሁሉ እዚህ ዳገት ላይ ይወጣል። እኔ ግን አጥብቄ የምናገረው የአብዛኛው ችግር መነሻ ግቢ ውስጥ ዕቃ የተጫነበት ሰዓት መሆኑን ነው፤ ስለዚህ ከጭነቱ እጀምራለሁ።

ተሳቢው በፍጥነት ሲሄድ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል

ምልክቱ በአብዛኛው የሚታየው ከደንገጎ በኋላ መንገዱ ወደ ሐረማያ ሲዘረጋ ወይም ከድሬዳዋ ወደ ደወሌ በሚወስደው ሜዳማ መንገድ ላይ ነው። መጀመሪያ መሪው ላይ ቀላል መሳብ ይሰማል። ከዚያ ጫት የጫነ አይሱዙ በፍጥነት ሲቀድም የሚገፋው ነፋስ ተሳቢውን ወደ ጎን ይመታውና ጅራቱ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ውዝዋዜው በራሱ ካልበረደ እያደገ ሄዶ መኪናውን ጭምር ሊገለብጥ ይችላል።

መንስኤው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ክብደት ከአክስሉ በስተኋላ መብዛቱ ነው። መጠባበቂያ ጀሪካን፣ የከሰል ጆንያና ተጨማሪ ጎማ ከኋላ በኩል ለመጫን ስለሚመቹ እዚያው ይከማቻሉ፤ ውጤቱም በማያያዣው ላይ የሚያርፈው ክብደት መቀነሱ ነው። ለአብዛኛው ተሳቢ ቤት ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በማያያዣው ላይ እንዲያርፍ ይመከራል፤ ይህም 1,200 ኪሎ ለሚመዝን ተሳቢ ከ120 እስከ 180 ኪሎ ማለት ነው። በአውሮፓ የተሠሩ ቀላል ተሳቢዎች ከዚህ ባነሰ መጠን ይሄዳሉ፤ የብዙዎቹ የአውሮፓ መኪኖች መጎተቻም ከ75 እስከ 100 ኪሎ ብቻ የሚፈቅድ በመሆኑ በመጎተቻው ላይ የተለጠፈውን ወሰን አስቀድሞ ማንበብ ያስፈልጋል።

ይህን ክብደት ለማወቅ ልዩ መሣሪያ አያሻም። ተሳቢውን ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙና ጎማዎቹን በታኮ ይያዙ፤ ከዚያም የሰው መመዘኛ ሚዛን በማያያዣው ሥር አድርገው በላዩ እንጨት ደርድረው ማያያዣው ሲጎተት በሚኖረው ከፍታ ላይ እንዲያርፍ ያድርጉ። ክብደቱ ከሚዛኑ አቅም በላይ ከሆነ ጠንካራ ጣውላ ወስደው አንዱን ጫፍ በጡብ፣ ሌላውን ጫፍ በሚዛኑ ላይ ያስቀምጡና ማያያዣውን ከጡቡ በኩል የጣውላው ርዝመት አንድ ሦስተኛ ላይ ያሳርፉ፤ ሚዛኑ የሚያሳየውን ቁጥር በሦስት ማባዛት ነው። ቁጥሩ አንሶ ከተገኘ ከባድ ዕቃ ከአክስሉ ትንሽ ወደ ፊት፣ በወለሉ ላይ ይዛወር። የውኃ ታንከሩንም አይርሱ፤ 100 ሊትር ውኃ 100 ኪሎ ነው፣ ታንከሩ ከአክስሉ በስተኋላ ካለ ደግሞ በሞላ ቁጥር ማያያዣውን ወደ ላይ ያነሣዋል። ስለዚህ ልኬቱ መወሰድ ያለበት ታንከሩ በጉዞ ላይ በሚኖረው የውኃ መጠን ነው።

ውዝዋዜው መንገድ ላይ ከጀመረ የመኪናውን ፍሬን በኃይል መያዝም ሆነ በመሪ እየተከተሉ ማረም ነገሩን ያባብሰዋል። እግርን ከነዳጅ ፔዳሉ ማንሳት፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝና፣ ተሳቢው ከጋቢና የሚታዘዝ የኤሌክትሪክ ፍሬን ካለው፣ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጅ በለስላሳው መያዝ ይገባል። ከዚያ ቆሞ ጭነቱን ሳያስተካክሉ መቀጠል አይገባም።

ከደንገጎ ሲወርዱ የፍሬን ሽታ ወይም ጭስ ይመጣል

ፔዳሉ ከለሰለሰ ወይም ወደ ወለሉ ከወረደ ጉዳዩ አጣዳፊ ነው፤ የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል ማለት ነው። ሽታ ብቻ ከሆነ የፍሬን ሸራው ከልክ በላይ ሞቋል። በሁለቱም ሁኔታ ሰፊ ቦታ ሲገኝ ይቁሙ፣ ጎማዎቹን በታኮ ይያዙ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠብቁ። ቶሎ እንዲበርድ ብሎ ውኃ መድፋት የጋለውን ታምቡር፣ ማለትም ሸራው የሚያርፍበትን ክብ ብረት፣ ይሰነጥቃል። የተሳቢውን የእጅ ፍሬንም በጋለ ታምቡር ላይ አጥብቆ መተው አይገባም፤ ታምቡሩ ሲበርድ ቅርጹ ሊበላሽ ይችላል።

መንስኤው የተለመደው እግርን ፍሬን ላይ አሳርፎ መውረድ ነው። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ቀንሶ ሞተሩ እንዲይዝ ማድረግ፣ ፍጥነቱ ሲጨምር ደግሞ ለአጭር ጊዜ ጠበቅ አድርጎ ይዞ ሙሉ በሙሉ መልቀቅ ሸራው በየመሐሉ እንዲተነፍስ ያደርገዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። አንዳንድ ተሳቢዎች ፍሬናቸው የሚሠራው ተሳቢው መኪናውን ከኋላ ሲገፋ በማያያዣው ላይ ያለው ዘንግ ወደ ውስጥ በመግባቱ ነው። እንዲህ ያለው ተሳቢ ሾፌሩ በሞተር ይዞ ሲወርድ እንኳ ያለማቋረጥ ስለሚገፋ ፍሬኑ ቁልቁለቱን ሙሉ ተይዞ ይወርዳል። ሾፌሩ እግሩን ሳያሳርፍ የተሳቢው ታምቡር የሚግለው ለዚህ ነው፤ መፍትሄውም በዝግታ መውረድና በመካከል አንድ ሁለት ጊዜ ቆሞ ማብረድ ነው። የኤሌክትሪክ ፍሬን ያለው ተሳቢ ግን ከጉዞ በፊት ይስተካከላል፤ ደልዳላ መንገድ ላይ በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ ፍጥነት እየሄዱ የተሳቢውን ፍሬን ብቻ በእጅ ሲይዙ ጎማው ተቆልፎ ከተንሸራተተ ኃይሉን ቀንሰው ከመቆለፉ በፊት ባለው ደረጃ ላይ ያቆሙታል።

ሽታው ከአንድ ጎማ ብቻ የሚመጣ ከሆነ ችግሩ ከአነዳድ ዘዴ አይደለም፤ የዚያ ጎማ ሸራ ታምቡሩን አልለቅ ብሏልና ተፈትቶ ይታይ። የመኪናው የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር እርጥበት ስለሚስብና እርጥበቱ የመፍያ ነጥቡን ዝቅ ስለሚያደርገው በየሁለት ዓመቱ ቢቀየር ተገቢ ነው።

ሲነሱና ሲቆሙ ማያያዣው ይንኳኳል

ወደ አገራችን የሚገባው መኪና ከባሕረ ሰላጤው፣ ከጃፓንና ከአውሮፓ ስለሚመጣ የመጎተቻው ኳስና የተሳቢው ማያያዣ ልክ ሳይገናኝ ሊቀር ይችላል። የአውሮፓው ኳስ 50 ሚሊ ሜትር፣ የአሜሪካው 2 ኢንች ሲሆን ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ ይህ ያንኳኳል፣ ማያያዣውንም ቀስ በቀስ ይበላዋል። ከ2 ኢንች ማያያዣ ሥር 48 ሚሊ ሜትር ኳስ መግጠም ግን አደገኛ ነው፤ ጉድጓድ ላይ ሲዘል ሊወልቅ ይችላል። ኳሱን በመለኪያ ማረጋገጥና ከማያያዣው ጋር የሚስማማውን መግዛት ግድ ነው፤ በብየዳ የተሞላ ኳስ አይታመንም።

መቆለፉን ለማወቅ ማያያዣውን ከዘጉ በኋላ የተሳቢውን የፊት እግር እያሽከረከሩ ከፍ ያድርጉት፤ የመኪናው ጀርባ አብሮ ከተነሣ በትክክል ይዟል። ሁለቱ የደህንነት ሰንሰለቶች ከማያያዣው ሥር ተጠላልፈው ይታሰሩ፤ ማያያዣው ቢወልቅ እነሱ ላይ እንጂ አስፋልቱ ላይ አይወድቅም።

ዳገቱ ላይ የሞተሩ ሙቀት ይጨምራል

የድሬዳዋ የቀትር ሙቀት፣ ጭነቱና ዳገቱ በአንድ ጊዜ ይመጣሉ፤ በዚህ ላይ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። የሚሻለው ከጎህ ጋር መነሣት ነው። መርፌው መውጣት ከጀመረ የአየር ማቀዝቀዣውን ዘግተው ማሞቂያውን ይክፈቱ፣ ማርሽ ቀንሰው በዝግታ ይውጡ። ካልወረደ ይቁሙ፤ የራዲያተሩን ክዳን ግን ሳይበርድ አይንኩ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና ተሳቢ የሚጎትት ከሆነ ለካምቢዮው ተጨማሪ የዘይት ማቀዝቀዣ ቢገጠምለት ወጪው አያስቆጭም።

የአንዱ ጎማ መሐል ከሌሎቹ ይበልጥ ይሞቃል፣ ወይም ጎማው ይፈነዳል

ደንገጎ ወይም ሐረማያ ላይ ቆም ሲሉ የእጅዎን ጀርባ ወደ እያንዳንዱ የተሳቢ ጎማ መሐል ያስጠጉ። ሁሉም እኩል ለብ ቢሉ ደህና ነው፤ አንዱ እጅ የማያስጠጋ ከሆነ ወይ ፍሬኑ ተይዟል ወይ ኩሽኔታው (ጎማው የሚሽከረከርበት ተሸካሚ) እያለቀ ነው። ጎማውን በክሪክ አንሥተው በእጅ ያሽከርክሩ፤ የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ካለ ወይም ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ሲወዘወዝ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ክዳኑ ተከፍቶ ግራሶው ይታይ። ወተት የመሰለ ግራጫ ግራሶ ውኃ መግባቱን ያሳያል፤ የጋለ ጎማ ወንዝ ሲሻገር በድንገት በርዶ ውኃውን ወደ ውስጥ ስለሚስብ በአሸዋማ ወንዞቻችን የሚሻገር ሰው ይህን ደጋግሞ ያያል። ግራሶው ውስጥ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ካለ ኩሽኔታው ራሱን እየበላ ነው፤ ብረቱ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠ ደግሞ ተቃጥሏልና ይጣል። በዓመት አንድ ጊዜ ኩሽኔታውን አውጥቶ፣ አጥቦ፣ አዲስ ግራሶ መሙላትና የዘይት ጎማውን (ግራሶው እንዳይወጣ የሚይዘውን የጎማ ቀለበት) መቀየር ከዚህ ሁሉ ያድናል። ጎማ ተፈትቶ ከተገጠመ በኋላም ከ100 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ በኋላ ዳዶዎቹ እንደገና ይጠበቁ።

ጎማውን በተመለከተ፣ የተሳቢ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ በዕድሜ ይሞታል። ግቢ ውስጥ ለወራት በድሬዳዋ ፀሐይ የቆመ ጎማ ጎኑ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ስንጥቆች ያወጣል። በጎኑ ላይ የተጻፈው ባለአራት አኃዝ ቁጥር የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይነግራል፤ 2319 ማለት በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት ማለት ነው። ከአምስት ወይም ከስድስት ዓመት ያለፈውን ጎማ ጥርሱ አምሮ ቢታይም ዳገት ላይ አልወጣበትም። ነፋሱ የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። በየ5 ወይም 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ለውጥ 1 ፒኤስአይ ገደማ ስለሚጨምር ወይም ስለሚቀንስ ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ ላይ “በዝቷል” ተብሎ የተነፈሰ ጎማ በሐረር ብርድ ሲያድር ከልኩ በታች ይወርዳል፤ ነፋስ ያነሰው ጎማ ደግሞ ሲታጠፍና ሲዘረጋ ግሎ የሚፈነዳው እሱ ነው። ሁለቱ ጠርዞች ብቻ ካለቁ ነፋስ አንሷል፣ መሐሉ ብቻ ካለቀ በዝቷል፣ አንዱ ጠርዝ ብቻ ካለቀ አክስሉ ተጣሟል ወይም ከልክ በላይ ተጭኗል።

ፍሬቻ ሲበራ የተሳቢው መብራቶች በሙሉ ይደበዝዛሉ

አምፖል ለመቀየር አይቸኩሉ። ይህ ምልክት በአብዛኛው የሚያሳየው የማሳ (ኔጌቲቭ) ሽቦው ከሻሲው ጋር ያለው ግንኙነት መዛጉን ነው። ቡሎኑን ፈትቶ፣ ብረቱን እስኪያበራ ድረስ ፍቆ፣ መልሶ አጥብቆ ማሰርና በላዩ ግራሶ መቀባት ይበቃል።

ባትሪው ማታ ቶሎ ያልቃል

በቆመበት ሲለካ 12.6 ቮልት ሙሉ ነው፤ 12.2 ቮልት ግማሽ ገደማ ነው። ተራ የእርሳስ ባትሪ ከዚህ በታች በተደጋጋሚ ከወረደ ዕድሜው ያጥራል፤ ሙቀት ደግሞ ውኃውን ስለሚያተን በድሬዳዋ በየወሩ ከፍቶ በተጣራ ውኃ መሙላት አግባብ ነው። ቀኑን ሙሉ ተነድቶም ባትሪው ካልሞላ መንስኤው በአብዛኛው ከመኪናው ወደ ተሳቢው የሚሄደው ሽቦ መቅጠኑ ነው፤ በረጅሙ ቀጭን ሽቦ ላይ ቮልቱ ይባክናል። ሽቦውን ማወፈር ወይም ጣሪያ ላይ ሶላር መግጠም ያስፈልጋል፤ ፀሐይ በማይጠፋበት አካባቢያችን እኔ ሶላሩን እመርጣለሁ።

በጋዝ የሚሠራው ማቀዝቀዣ አያቀዘቅዝም

እንዲህ ያለው ማቀዝቀዣ ተሳቢው ወደ ጎን ባዘመመ ጊዜ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ስለማይዘዋወር ሥራውን ያቆማል። ከጎማው ሥር ጣውላ አስገብተው ያስተካክሉት፤ ከጀርባው ያለው የአየር መውጫም በአቧራ እንዳልተደፈነ ይዩ። ደልዳላ ቦታ ፍለጋ ግን ወደ ደረቅ ወንዝ አሸዋ መውረድ ክልክል መሆን አለበት። የድሬዳዋው የደቻቱ ወንዝ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት ሞልቶ ብዙ ወገኖቻችንን እንደወሰደ ከተማው ያውቃል፤ ጎርፉ የሚመጣው ላይኛው ተራራ ላይ ከዘነበው ዝናብ ስለሆነ የቆሙበት ሰማይ ጥርት ማለቱ ዋስትና አይሆንም።

የቧንቧው ውኃ እየቀጠነ ይሄዳል

የድሬዳዋ የጉድጓድ ውኃ ኖራ የበዛበት ነው፤ ማንቆርቆሪያችን ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር በቧንቧ ወንፊትና በውኃ ማሞቂያውም ይጋገራል። ወንፊቱን ፈትተው በአቼቶ ዘፍዝፈው ያሳድሩት።

ጣሪያው ያፈስሳል

የረጠበው ቦታና ውኃው የገባበት ቦታ ተራርቀው ሊገኙ ይችላሉ፤ ውኃ በግድግዳው ውስጥ ተጉዞ ነው የሚወጣው። ስለዚህ አንድ ሰው ውስጥ ሆኖ እየተመለከተ ሌላው በጎማ ቱቦ ከታችኛው መጋጠሚያ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ ያጠጣ፤ ጠብታው የታየበት ደረጃ ቀዳዳው ነው። በፀሐይ የተሰነጠቀውን አሮጌ ማሸጊያ ሙሉ በሙሉ ሳይፍቁ አዲስ መደረብ አይጠቅምም፤ ተራ ሲሊኮንም አይመከርም፣ በላዩ ሌላ ማሸጊያ አይዝምና። ለተሳቢ ጣሪያ የተሠራውን የሚለጠጥ ማሸጊያ ይጠቀሙ። የበልግ ዝናብ ከመጋቢት ጀምሮ ስለሚመጣ ይህ ሥራ በየካቲት ይሠራ፤ ጣሪያው ላይ ሲወጡም ቆርቆሮው እንዳይጎደጉድ ክብደትዎን በሰፊ ጣውላ ላይ ያሳርፉ።