ግሱ ኃላፊ፣ ነገሩ ያሁን፦ በእንግሊዝኛ የጊዜ አመራረጥ ላይ የሚታዩ ስህተቶች

እንግሊዝኛ ሳስተምር ደጋግሜ የማርመው ስህተት የግስ እርባታ ካለማወቅ የሚመጣ አይደለም። «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» እያለ በቃሉ የሚያንበለብል ተማሪ እንኳ ዐረፍተ ነገር ሲመሠርት ድርጊቱ መቼ እንደሆነ ሳይጠይቅ የአማርኛውን ግስ መልክ አይቶ ጊዜውን ይወስናል። አማርኛ ግን አሁን ያለንበትን ሁኔታ በኃላፊ ግስ መናገር ይወዳል፤ ደከመኝ፣ ራበኝ፣ ገባኝ እንላለን። በዚህ የተነሣ «ዱ ዩ አንደርስታንድ?» ተብሎ የተጠየቀ ተማሪ «አይ አንደርስቱድ» ብሎ ይመልሳል፤ አሁን ደክሞት የተቀመጠውም «አይ ወዝ ታይርድ» ይላል፤ ሰሚው ድካሙ ያለፈለት ይመስለዋል።

ከሁሉ የሚያስመርረኝ የ«ኢፍ» ጉዳይ ነው። «ከመጣህ ደውልልኝ» ለማለት «ኢፍ ዩ ኬም፣ ኮል ሚ» ብሎ የማይጽፍ ክፍል እስካሁን አላጋጠመኝም። መምጣቱ ገና ነው፤ ስለዚህ «ኢፍ ዩ ካም» መሆን አለበት። አንድ ተማሪ ለሥራ ማመልከቻው «ከቀጠራችሁኝ በትጋት እሠራለሁ» የሚለውን አስቦ «ኢፍ ዩ ሃየርድ ሚ፣ አይ ዊል ወርክ ሃርድ» ሲል አምጥቶ አሳየኝ። እንግሊዝኛ ከ«ኢፍ» በኋላ ኃላፊ ግስን ለወደፊት ነገር ሲጠቀም የመሆን ዕድሉ አነስተኛ ነው ማለቱ ነው፤ ስለዚህ አመልካቹ መቀጠሩን ራሱ የተጠራጠረ መሰለ፤ ያውም «ዊል» የሚለው ከፊተኛው ጋር አይስማማም። «ሃየርድ»ን ወደ «ሃየር» መልሰን አስተካከልነው። በ«ዌን» ላይ ደግሞ ስህተቱ በተቃራኒው ነው፦ «ስትደርስ» ለማለት «ዌን ዩ ዊል አራይቭ» ይላሉ፤ «ዌን ዩ አራይቭ» ይበቃል።

«ዲድ ዩ ዌንት?» አይባልም፤ ኃላፊ ጊዜውን «ዲድ» ስለያዘው «ዲድ ዩ ጎ?» ነው።

«ትናንት አይቼዋለሁ» በአማርኛ ያምራል፤ በእንግሊዝኛ ግን «የስተርዴይ» ከተባለ «ሃቭ ሲን» ቀርቶ «ሶው» መባል አለበት፤ ጊዜው ተቆርጦ ያለቀ ነውና። በአንጻሩ «ከ2015 ጀምሮ እዚህ እኖራለሁ» ሲባል «አይ ሊቭ ሂር ሲንስ» ማለት ስህተት ነው፤ «አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ሲንስ» ይባላል (ዓመተ ምሕረቱንም ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መመለስ እንዳይረሳ)።

በሥራ ልምድ መግለጫ ላይ አሁን የሚሠሩትን ሥራ «ማኔጅድ» ብለው የሚጽፉ አሉ፤ ቀጣሪው ሥራውን እንደለቀቁ አድርጎ ያነበዋል።

በመጨረሻ «ፑት»፣ «ከት» እና «ሪድ» በኃላፊ ጊዜም አጻጻፋቸው ስለማይለወጥ ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ። «ሂ ወርክ» ብሎ የመጨረሻዋን «ኤስ» የሚረሳ ተማሪ ስህተቱ ቢታይበትም ሐሳቡ አይለወጥም፤ «ሂ ፑት» ሲል ግን ዐረፍተ ነገሩ ሳይታወቀው ወደ ኃላፊ ጊዜ ይሻገራል። «ሪድ» ደግሞ በኃላፊም በዚያው ፊደል ተጽፎ «ሬድ» ተብሎ ስለሚነበብ፣ «ኤስ» የሌለውን «ሺ ሪድ» ያየ አንባቢ በቀላሉ «ሺ ሬድ» ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ አራሚውም ቢሆን ስህተት መኖሩን የሚያውቀው በዙሪያው ካለው ሐሳብ ብቻ ነው።