በወሊድ ጊዜ የተሰፋ ቁስልን በቤት ውስጥ እንዴት መንከባከብ ይቻላል?

አራስ ቤት ገንፎውና አጥሚቱ አይጓደልም፤ ጠያቂውም ስለ ሕፃኑና ስለ ጡቱ ወተት ደጋግሞ ይጠይቃል። በብልትና በፊንጢጣ መካከል ስላለው፣ በምጥ ጊዜ ስለተተረተረው ወይም ባለሙያ ቀድዶ ስለሰፋው ሥፍራ ግን በኀፍረት የተነሣ የሚያነሳ የለም፤ እናቲቱም ሕመሙን ውጣ ትተኛለች። ሆኖም ይህ ቁስል በየቀኑ ሊታሰብለት ይገባል።

በመጀመሪያው አንድ ሁለት ቀን እብጠቱን የሚቀንሰው ቅዝቃዜ ነው። በረዶ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ይያዝበት፤ ቆዳን ስለሚጎዳ ግን በረዶው በቀጥታ አይንካው። አራስን ብርድ ይመታል ብለው የሚሰጉ ቤተሰቦች ቢኖሩም፣ ለአጭር ጊዜ በቁስሉ ላይ ብቻ የሚያዝ በረዶ ሰውነትን አያበርድም።

ቀጥሎ እጥበቱ ነው። እናቲቱ እጇን በሳሙና ታጥባ፣ ለብ ያለ ንጹሕ ውሃ በጆግ ታዘጋጅ። ውሃውን ከፊት በኩል እያፈሰሰች ብትሸና ሽንቱ ስለሚቀጥን ቁስሉን እምብዛም አይለበልባትም። ከሰገራ በኋላ ጀርም ወደ ስፌቱ እንዳይሻገር ሁልጊዜ ከፊት ወደ ኋላ ትታጠብ፤ ከዚያም በለስላሳ ንጹሕ ጨርቅ ሳትፈትግ ነካ ነካ እያደረገች ታድርቀው። ሞዴሱ ባይሞላም በየ4 ሰዓቱ ገደማ ይቀየር። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በንጹሕ ሳፋ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መቀመጥም ያስታግሣል። ዴቶል፣ አልኮልና ሽታ ያለው ሳሙና ቁስሉን ስለሚያስቆጡ፣ ጭስና የፈላ ውሃ እንፋሎትም ሊያቃጥሉ ስለሚችሉ ይቅሩ።

አራሷን ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራት የመጀመሪያው ሰገራ ነው። ስፌቱ ይበጠሳል ብላ በያዘችው ቁጥር ይበልጥ ይደርቃል፤ ስለዚህ ከገንፎው ጎን ጎመን፣ ፓፓያና በርከት ያለ ውሃ አይለያት። በምትቀመጥበት ጊዜ እግሯን ዝቅ ባለ በርጩማ ላይ አድርጋ፣ የታጠፈ ንጹሕ ሞዴስ በስፌቱ ላይ በቀስታ ደገፍ ብታደርግ ጫናው ይቀልላታል።

ለሕመሙ ፓራሲታሞል ለምታጠባ እናት ይስማማል፤ አስፕሪን ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድ። የስፌቱ ክር አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በራሱ ስለሚሟሟ፣ በሞዴሱ ላይ ቁራጭ ክር ቢታይ አያስደንግጥ።

38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ የስፌት መላቀቅ ወይም እየባሰ የሚሄድ ሕመም ካለ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፤ ደሙ በአንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ሞዴስ የሚያርስ ከሆነ ግን አፍታም መቆየት አይገባም። ሽንት ወይም ሰገራ ሳታስበው የሚያመልጣት እናትም ሕክምና ያለው ችግር ነውና፣ ለአዋላጇ ሳትደብቅ ትንገራት።