ኤክሴል ቀኑን ሳይነግራችሁ እንዳይገለብጠው

ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ለሚገባ ዕቃ ሰነዱ ከየአገሩ ይመጣል። 03/04/2024 ለአሜሪካ ላኪ ማርች 4፣ ለጣሊያን ላኪ ግን ኤፕሪል 3 ነው። ኮምፒውተራችሁ በአሜሪካ ቅንብር ከሆነ ኤክሴል ሁሉንም ወር አስቀድሞ ያነባል። 25/04/2024 ስለማይሆንለት እንደ ጽሑፍ በግራ በኩል ይተወዋል፤ ይህ ቢያንስ ይታያል። አደገኛው ቀኑ ከ12 የማይበልጠው ነው፤ ዝም ብሎ ይገለብጠዋል።

ስለዚህ የሲኤስቪ ፋይልን (ዓምዶቹ በኮማ የተለዩ የጽሑፍ ፋይል) በድርብ ክሊክ አትክፈቱ። «ዳታ» ውስጥ «ፍሮም ቴክስት/ሲኤስቪ»፣ ከዚያ «ትራንስፎርም ዳታ» ብላችሁ የቀኑን ዓምድ «ቴክስት» አድርጉት። ሲጠይቃችሁ «ሪፕሌስ ከረንት» በሉ፤ «አድ ኒው ስቴፕ» ካላችሁ የተገለበጠውን ነው ጽሑፍ የሚያደርገው። ሠንጠረዡ ሲጫን በላኪ አገር ደርድሩት፤ ፊልተር አይበቃም። የእያንዳንዱን አገር ረድፎች ብቻ መርጣችሁ በ«ቴክስት ቱ ኮለምንስ» ሦስተኛ ገጽ ላይ «ዴት» በሉ፤ ለአሜሪካ «ኤምዲዋይ» (ወር፣ ቀን፣ ዓመት)፣ ለጣሊያን «ዲኤምዋይ» (ቀን፣ ወር፣ ዓመት)።

የእኛ አቆጣጠር የተጻፈበትን ለብቻው ዓምድ ስጡት፣ ጽሑፍ ሆኖ ይቆይ። ጳጉሜ 5 ቀን 2016 «05/13/2016» ተብሎ ከገባ ኤክሴል ሜይ 13 ቀን 2016 አድርጎ ይቀበለዋል፣ ያውም እንደ ፈረንጅ ዓመት።