ደብረ ሊባኖስ ጸበል በሽተኛ ይዛችሁ የምትሄዱ፣ ይቺን አንብቡ

መጀመሪያ ቀኑን ምረጡ። ወር በገባ በ24 የተክልዬ (የአቡነ ተክለ ሃይማኖት) ነው፣ ጥር 24 ስባረ አጽማቸው፣ ነሐሴ 24 እረፍታቸው፣ ግንቦት 12 ደሞ ፍልሰተ አጽማቸው (አጽማቸው የፈለሰበት) ሆኖ በ1929 በዚሁ በዓል ሰሞን የግራዚያኒ ወታደሮች መነኮሳቱን የፈጁበት ስለሆነ ድርብ ቀን ነው። ለንግስ ከሆነ የምትሄዱት በነዚህ ቀኖች ሂዱ፣ እልልታው ብቻ ይበቃል። በሽተኛ ይዛችሁ ከሆነ ግን በጭራሽ! ሰው በሰው ላይ ነው፣ አቅም የሌለው ሰው ይረገጣል። አዘቦት ቀን፣ ማክሰኞ ምናምን ሂዱ፣ ከዋዜማው ከሰዓት ደርሳችሁ እደሩ፣ ምክንያቱም ጸበሉ በጠዋት በባዶ ሆድ ነው።

መንገዱ የጎጃሙ መስመር ነው፣ እንጦጦን አልፋችሁ ሱሉልታ፣ ጫንጮ፣ ሙከጡሪ፣ ደብረ ጽጌ፣ በጠቅላላው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ። የፍቼ መኪና ከያዛችሁ ለረዳቱ ገና ስትሳፈሩ "ደብረ ሊባኖስ መገንጠያ ወራጅ አለ" በሉት፣ እኔ ሳልናገር እንቅልፍ ወስዶኝ ፍቼ ድረስ ሄጄ ነው የተመለስኩት። ከመገንጠያው ወደ ገዳሙ ቁልቁል ስትወርዱ ገደሉ ጫፍ ላይ ጭላዳዎች ሳር ሲነጩ ታያላችሁ፣ ፎቶውን ለመመለሻ አቆዩት።

አሁን ዋናው፣ የመድኃኒት ነገር። አክስቴ ስኳር አለባት። ሌሊት 11 ሰዓት ተነስታ እንደልማዷ መርፌዋን ተወግታ ምንም ሳትቀምስ ሰልፍ ያዘች፣ እኔም ተራው ቶሎ የሚደርስ መስሎኝ ዝም አልኩ። 3 ሰዓት አካባቢ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ በዛ ብርድ ግንባሯ ላብ በላብ። ሰልፉ ላይ የነበሩት ሰዎች ሊይዛት ነው ብለው ሸሸት አሉ፣ አንድ እናት ግን ጠጋ ብለው "ልጄ ይሄ የመንፈስ አይደለም፣ ስኳሯ ወርዶ ነው" አሉና የነጠላቸውን ጫፍ ቋጠሮ ፈተው ስኳር አፏ ውስጥ ጨመሩላት። ትንሽ ቆይታ ተመለሰች፣ እኔ ግን እስካሁን ሳስበው ያልበኛል። ስለዚ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪሙን "ጠዋት ሳትበላ ብትቆይ መርፌው እንዴት ይሁን" ብላችሁ ጠይቁ፣ እዛ ስትደርሱ ደሞ ለአባቶች ንገሯቸው፣ ለበሽተኛ ምግብ የሚከለክል አባት እኔ አልገጠመኝም።

"ጸበል እየጠጣሁ ክኒን ብውጥ እምነት ማጉደል ነው" የሚል ዘመድ ካላችሁ ደሞ ይሄን ንገሩት፦ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው የኤችአይቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ይወሰዳሉ ብለው በይፋ ተናግረዋል። ከፓትርያርክ በላይ ጻድቅ የሆነ አጎት ሁሌም አይጠፋም፣ እሱን ተዉት።

ወደ ዋሻው መውጫው ዳገት ነው፣ ተክልዬ ቆመው ሲጸልዩ እግራቸው የተቆረጠበት ነው የሚባለው፣ ጉልበት የሌለው ሰው እያረፈ ይውጣ። ጫማ ስለሚወለቅና ድንጋዩ እርጥብ ስለሚሆን ሽማግሌ ካለ ክንዱን ያዙት። ወንድና ሴት የሚጠመቀው ለየብቻ ነው፣ ስለዚ ለእናታችሁ ሴት አጃቢ ያስፈልጋታል፣ እኔ ውጪ ቆሜ ስጨነቅ ነው የቆየሁት። ቅያሪ ልብስ፣ ወፍራም ጋቢ፣ ፎጣ ያዙ። አጠገባችሁ የሚጮህ የሚወድቅ ካለ ስልካችሁን እንዳታወጡ፣ ያ ሰው ነገ ሰፈሩ ይመለሳል።

ለጸበል መቅጃ ሃይላንድ ይበቃል፣ ጀሪካን ከሆነ ግን ክዳኑ ስር ፌስታል አጥፋችሁ አድርጋችሁ ግጠሙት፣ የኛው ሱሉልታ ላይ ሲፈስ አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ሱሪው ሙሉ ረጥቦ ሊቆጣ አፉን ከፈተና ጸበል መሆኑን ሲሰማ ፊቱን አበሰበት።