በሕክምና ምስል ቴክኖሎጂ ኩባንያ ላይ ገንዘብ ሲያፈሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ጀማሪ ኩባንያ የልብን ወይም የአንጎልን ምስል ከነባሮቹ መሣሪያዎች በተሻለ ጥራት ሲያሳይ ባለሀብቱ ቢማረክ አያስደንቅም። ነገር ግን ያፈሰሰው ገንዘብ የሚመለሰው ለዚያ ምስል በየጊዜው የሚከፍል አካል ሲገኝ ነው። ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች በአብዛኛው ይህን ከመዘንጋት የሚመጡ ናቸው።

ፈቃድን እንደ ገበያ መቁጠር። በእኔ እምነት ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ሃርትፍሎው የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2007 የተመሠረተ ሲሆን፣ ከሲቲ ስካን ምስል ተነሥቶ በልብ ደም ሥሮች ውስጥ ያለውን የደም ፍሰት በኮምፒውተር ያሰላል፤ በዚህም ሐኪሙ ካቴተር (ወደ ደም ሥር የሚገባ ቀጭን ቱቦ) ሳያስገባ የደም ሥሩ ጥበት ምን ያህል አሳሳቢ እንደሆነ ማወቅ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ምርመራውን በ2014 መጨረሻ ፈቀደ። ቋሚ የክፍያ ኮድ፣ ማለትም ለምርመራው ከመድን ሰጪዎች ክፍያ የሚጠየቅበት መለያ ቁጥር፣ ሥራ ላይ የዋለው ግን በ2024 መጀመሪያ ነው፤ አክሲዮኑ በናስዳክ ለሕዝብ የቀረበው ደግሞ በ2025 ነው። የአንድ ቬንቸር ፈንድ (በጀማሪ ኩባንያዎች ላይ የሚውል የባለሀብቶች የጋራ ገንዘብ) ዕድሜ ብዙውን ጊዜ 10 ዓመት ገደማ በመሆኑ፣ 18 ዓመት የፈጀ ስኬት እንኳ ቀድመው የገቡትን እጅግ ይፈትናል። ስለዚህ ውል ከመፈረም በፊት ማን፣ በየትኛው ኮድ፣ ስንት እንደሚከፍል በጽሑፍ ማስቀረብ ይገባል።

የፈቃዱን ዓይነት ሳያነቡ ማለፍም ከዚሁ የሚቆጠር ነው። በአሜሪካ 510ኬ በሚባለው መንገድ የሚሰጠው ፈቃድ መሣሪያው ቀድሞ ገበያ ላይ ከዋለ ሌላ መሣሪያ ጋር በመሠረቱ አቻ መሆኑን ይመሰክራል፤ የታካሚው ጤና በእርሱ ምክንያት መሻሻሉን ለማወቅ የተለየ ጥናት ያስፈልጋል።

ቀድሞ የፈለሰፈ ገበያውን ይዞ ይቀራል ብሎ ማመን። የመጀመሪያውን ሲቲ ስካነር የሠራው በሙዚቃ ሸክላዎቹ የሚታወቀው የእንግሊዙ ኢኤምአይ ነበር። በ1971 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያው ታካሚ በመሣሪያው ተመረመረ፤ ፈልሳፊው ጎድፍሪ ሃውንስፊልድም በ1979 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ። በዚያው ዓመት ኩባንያው በገንዘብ ተዳክሞ ቶርን ለተባለ ሌላ የእንግሊዝ ኩባንያ ተሸጠ፤ ከስካነር ሥራውም ብዙ ሳይቆይ ወጣ። እንደ ጄኔራል ኤሌክትሪክ ያሉት ተፎካካሪዎች ከሆስፒታሎች ጋር ለረጅም ዓመታት የገነቡት የሽያጭና የጥገና መረብ ነበራቸው። ፓተንትም (የፈጠራ ባለቤትነት መብት) ቢሆን የሚያስገኘው ነገር ወሰን አለው፤ ፎናር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኤምአርአይ (በማግኔት የሚሠራ የምስል መሣሪያ) ፓተንቱ ጄኔራል ኤሌክትሪክን ከስሶ በ1997 128.7 ሚሊዮን ዶላር ቢያስከፍልም፣ ገበያው በትልልቆቹ እጅ እንዳለ ቀርቷል።

ርካሽ ዋጋ ብቻውን ደንበኛ ያመጣል ብሎ መጠበቅ። ባተርፍላይ ኔትወርክ በእጅ የሚያዝና ከስልክ ጋር የሚገናኝ አልትራሳውንድ መጀመሪያ ሲያወጣ ከ2,000 ዶላር ባነሰ ዋጋ ማቅረቡ ለሕክምናው ታላቅ እርምጃ ነበር። ይሁንና በ2021 1.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተገምቶ ወደ አክሲዮን ገበያ የገባው ይህ ኩባንያ፣ በ2024 የአንዱ አክሲዮን ዋጋ ከአንድ ዶላር በታች ወርዶበት ነበር። ሆስፒታሉ መሣሪያውን ከገዛ በኋላ ባለሙያ ማሠልጠን፣ ምስሉን ከሕክምና መዝገቡ ጋር ማያያዝና ለአገልግሎቱ ማስከፈል ይኖርበታል፤ ይህም ጊዜ ይወስዳል።

የአልጎሪዝሙን፣ ማለትም ምስሉን የሚተነትነውን የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ የመረጃ ምንጭ አለመመርመር። በአንድ አምራች ማሽንና በአንድ ሆስፒታል ታካሚዎች ምስል ብቻ የሠለጠነ አልጎሪዝም ሌላ ቦታ ሲወሰድ ሊሳሳት ይችላል። በሥልጠናው ባልተካተቱ ሆስፒታሎች የተገኘውን ውጤት፣ እንዲሁም ምስሎቹን ለንግድ ለመጠቀም የሚፈቅደውን ውል፣ ከገንዘብ ሰነዶቹ እኩል መጠየቅ ያስፈልጋል።