የዊሊ ኔልሰንን «ሬድ ሄድድ ስትሬንጀር» ከዳር እስከ ዳር ለማዳመጥ

አገር ቤት ያደግን ሰዎች ካንትሪ የሚባለውን የአሜሪካ ሙዚቃ የምናውቀው በኬኒ ሮጀርስ፣ በዶን ዊሊያምስ፣ በጂም ሪቭስና በዶሊ ፓርተን ነው። የምናውቀውም በነጠላ ዘፈን ነው፤ ከየዘፋኙ ተለቃቅሞ አንድ ካሴት ላይ የተቀዳውን ሰምተን ነው ያደግነው። ለዚህ ይመስለኛል ዊሊ ኔልሰን በ1975 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) ያወጣውን «ሬድ ሄድድ ስትሬንጀር» (ቀይ ጸጉሩ እንግዳ እንደማለት) የተባለ አልበም ለጓደኞቼ ስልክላቸው «ብሉ አይስ ክራይንግ ኢን ዘ ሬን» የሚለውን ብቻ ሰምተው «ደስ ይላል» ብለው የሚያልፉት። አልበሙ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ታሪክ ነው። ያቺ ዘፈን ራሷ ያለ ታሪኩ ግማሿ እንኳ አትሰማም።

መጀመሪያ ትክክለኛውን ቅጂ ያዙ። ዋናው አልበም 15 ትራክ ነው። በ«ታይም ኦቭ ዘ ፕሪቸር» ይጀምርና «ባንዴራ» በሚባል ቃል የሌለበት ሙዚቃ ያልቃል። በ2000 እንደገና ሲታተም መጨረሻው ላይ አራት ሥራዎች ተጨምረውበታል፤ ክፉ ሥራዎች አይደሉም፣ ግን የታሪኩ አካል ስላልሆኑ «ባንዴራ» ሲያልቅ አጥፉት። ዘፈን የሚያቀላቅለውን ሸፍል ዝጉ። ማስታወቂያ በመሃል የሚገባበት አፕ ላይም አትስሙት። አንድ ደቂቃ የማይሞሉ ትራኮች አሉበት፤ እነሱ መሃል የመኪና ኢንሹራንስ ማስታወቂያ ከገባ ነገሩ ሁሉ ይበላሻል።

ጠቅላላው 33 ደቂቃ ገደማ ነው። እኔ ቴክሳስ ውስጥ የጭነት መኪና ነጂ ነኝ፣ ከጋርላንድ ተነስቼ ፎርት ዎርዝ ሳልደርስ ያልቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሰሙት ግን መኪና ውስጥ አይሁን። የሞተር ድምፅ ቀስ ብለው የተመቱትን ነገሮች ይውጣቸዋል፣ የአልበሙ ጉልበት ደግሞ እነሱ ላይ ነው። ቤት ውስጥ፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ ይሻላል።

ታሪኩን አስቀድማችሁ እወቁት፤ ማወቃችሁ ምንም አይቀንስባችሁም። ዘመኑ 1901 ነው። አንድ ሰባኪ ሚስቱን አጥብቆ ይወዳል፣ እሷ ለሌላ ሰው ስትል ጥላው ትሄዳለች። ሰውየው ያለቅሳል፣ በእኩለ ሌሊት ይጮሃል፣ ፈረሱን ጭኖ ይወጣል። ሚስቱንና ሰውዋን አንድ ገለል ያለ መጠጥ ቤት ውስጥ ያገኛቸዋል። ሲገባ እርስ በርስ ፈገግ እንዳሉ ነበር፤ ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ይሞታሉ። ይህ ሁሉ በአራት ትራክ፣ ሰባት ደቂቃ ሳይሞላ ያልቃል።

አምስተኛው ትራክ ላይ ነው «ብሉ አይስ» የሚመጣው። የፍሬድ ሮዝ ድርሰት ነው፣ ዊሊ ከመዝፈኑ ከብዙ ዓመት በፊት ሮይ ኤከፍ በ1940ዎቹ ተጫውቶታል። ብቻውን ሲሰማ የመለያየት ዘፈን ነው፤ በዝናብ ውስጥ ስታለቅስ የቀረች ሴት ትዝታ። እዚህ ቦታ ላይ ግን ዘፋኙ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። የሚያዝንላት ራሱ የገደላት ሰው ነው። ይህን ይዛችሁ ስትሰሙት ያ ለስላሳ ድምፅ ሌላ ይሆንባችኋል። አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ ከወሰዳችሁ ይህን ውሰዱ።

ቀጥሎ የአልበሙን ስም የያዘው ዘፈን ይመጣል። ሰውየው ጥቁር ፈረስ ተቀምጦ የሚስቱን ፈረስ እየሳበ ይዞራል። አንዲት ቢጫ ጸጉር ሴት ያንን ፈረስ ትመኛለች፣ ተከትላው ወጥታ እየሳቀች ልትይዘው እጇን ስትሰነዝር ተኩሶ ይገድላታል። ሕጉም ይለቀዋል፣ ፈረስ ሌባ ናት ተብሎ። ዘፈኑ የኢዲት ሊንድማንና የካርል ስተትዝ ነው። ዊሊ በ1950ዎቹ ፎርት ዎርዝ ውስጥ የሬዲዮ አቅራቢ ሳለ ለሕፃናት ያጫውተው ነበር፣ የራሱን ልጆችም ሲያስተኛ ይዘፍንላቸው ነበር። እኔ ይህን ቦታ ቀለል አድርጌ ማለፍ አልችልም፣ እናንተም አትለፉት። ዊሊ ድምፁን አያነሳም፣ አይፈርድም፣ አያስተባብልም። ፍርዱን ለሰሚው ጥሎት ይሄዳል፣ ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

አሁን ስለ ድምፁ። ጊታሩ «ትሪገር» ይባላል፤ ዊሊ በ1969 የገዛው የናይለን ክር ያለው የማርቲን ኩባንያ ሥሪት ነው። ስንት ዓመት ሲመታበት ፊቱ ተበልቶ ተቦርቡሯል፣ ዊሊ ግን እስከ ዛሬ አልቀየረውም። የእኛ አዝማሪ ስንኙን ሲጨርስ ማሲንቆው እንደሚቀበለው፣ ዊሊ መስመሩን ይለቅና ትሪገር ይመልስለታል። ድምፁ ደግሞ ከምቱ ጋር እኩል አይሄድም፤ ወይ ይዘገያል ወይ ይቀድማል። እግራችሁን እየመታችሁ ስሙት፣ ቃሉ እግራችሁ መሬት ከነካ በኋላ ሲያርፍ ይታወቃችኋል።

የተቀዳው እዚሁ እኔ በምኖርበት፣ ዛሬ የአበሻ ሱቅና ቤተ ክርስቲያን ባለበት በጋርላንድ፣ አውተም ሳውንድ በሚባል ስቱዲዮ ነው፤ ጃንዋሪ 1975። ወጪው 4,000 ዶላር ገደማ እንደነበር ይነገራል። ያኔ በካንትሪ ዋና ከተማ በናሽቪል የሚሠራው ካንትሪ ቫዮሊንና የአጃቢ ዘማሪ የበዛበት ስለነበር፣ አልበሙን የሚያሳትመው የኮሎምቢያ ሪከርድስ አለቆች ሲሰሙት ገና ያላለቀ የሙከራ ቅጂ መስሏቸው ነበር። ውሉ ሙሉ ሥልጣን ለዊሊ ስለሚሰጥ ግን እንዳለ ወጣ። ዘፋኟ ፓትሲ ክላይን የታወቀችበትን «ክሬዚ»ን የጻፈው ሰው፣ በራሱ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ የካንትሪ ሰንጠረዥ አንደኛ የሆነው በዚህ አልበም «ብሉ አይስ» ነው።

ስምንተኛው ትራክ «ጀስት አዝ አይ አም» መዝሙር ነው፣ ቃል የለውም። ፒያኖውን የምትጫወተው ታላቅ እህቱ ቦቢ ናት። በሸክላው የመጀመሪያው ገጽ እዚህ ያልቃል። እናንተም እዚህ ትንሽ አረፍ በሉ፤ ድሮ ሰው ተነስቶ ሸክላውን ይገለብጥ ነበር፣ ያች ፋታ ታስፈልጋለች።

ሁለተኛው ገጽ «ዴንቨር» ብሎ ይጀምራል። አንድ ደቂቃ እንኳ የለውም፣ ግን ጆሯችሁን ስጡት። ያ የመጠጥ ቤት ስንኝ ተመልሶ ይመጣል፤ ያው ገለል ያለ ቤት፣ ያው በር፣ ያው ፈገግታ። በዚህኛው ግን ሰዎቹ አይሞቱም፣ ይጨፍራሉ። ከዚያ «ኦቨር ዘ ዌቭስ» እና «ዳውን ዮንደር» ያለ ቃል ይከተላሉ፣ ጭፈራው እነሱ ናቸው። እነዚህን ሁለቱን ብዙ ሰው ይዘላቸዋል፤ አትዝለሉ። ያ ሰው ከሰው ጋር መቆም እንደጀመረ የምንሰማው በእነሱ ነው። ቀሪዎቹ ቀስ እያሉ ወደ «ሃንድስ ኦን ዘ ዊል» ይወስዷችኋል፣ ሰውየው የሚያርፍበት ዘፈን ነው።

ለሁለተኛ ጊዜ ስትሰሙ ግጥሙን ፊታችሁ ዘርግታችሁ ተከተሉ። የዊሊ እንግሊዝኛ ግልጽ ነው፣ ቃል አይውጥም፣ እንደኛ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ላደገ ሰው ይገባል።

ከዚያ የዚያች ሚስት ነገር ይከነክናችኋል፤ በአልበሙ ሙሉ አንድ ቃል እንድትናገር ዕድል አልተሰጣትም። ያን ጊዜ ዊሊ አንድ ዓመት ቀድሞ፣ በ1974 ያወጣውን «ፌዝስ ኤንድ ስቴጅስ» ክፈቱ። እሱም ስለ ትዳር መፍረስ ነው፤ የመጀመሪያው ገጽ የሴቲቱ ነው፣ ሁለተኛው የወንዱ። በእሷ ጀምሩ።